እናቴ የማታልፈው ደጅ

በልጅነቴ ታናሽ እህቴ የሞተች አይመስለኝም ነበር፤ የሰለመች እንጂ። ጎረቤታችን እትዬ ኡሙልኸይር በዓይኔ እያየሁ በማንቆርቆሪያዋ አጥባ፣ ሙስሊም አድርጋ፣ በአጥሩ ቀዳዳ አሳልፋ ወደ ቤቷ የወሰደቻት ይመስለኝ ነበር። እናቴም ይህን ፈቅዳ ማተቧን ከአንገቷ የፈታች፣ ከዚያ ቀን ጀምሮም የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ማለፍ የተከለከለች ይመስለኝ ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ አይቼ፣ ራሴ ደምሬ የደረስሁበት ነው። ያየሁት ሁሉ እውነት ነበር። የደመርሁት ሐሰት ሆነ።

የምንኖረው አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ለምድር ባቡር ሠራተኞች በተሠሩት ቤቶች መጨረሻ ላይ ነበር። አባቴ አሻግሬ ከባቡሩ ጋር ድሬዳዋ ወርዶ ሲመለስ የናፍጣና የጋለ ብረት ሽታ ይዞ ይገባል። ሥርዓት አክባሪ፣ ቃሉ አጭር፣ ለጸሎት ሲቆም እንደ ሐዲድ ቀጥ የሚል ሰው ነበር። እናቴ አሰጋሽ ደግሞ ሳቂታ ነበረች። ይህን የምናገረው አስታውሼ ነው፤ ከዚያ ሐምሌ በኋላ ሳቂታነቷን ያየ ሰው የለምና።

በስተግራ በኩል በቆርቆሮ አጥር ብቻ ከእኛ የሚለየው ግቢ የጋሼ ሙህሲን ነው። ጋሼ ሙህሲን ከስልጤ አገር መጥቶ ስኳር፣ ጨውና ላምባ የሚሸጥ ባለሱቅ ነበር። ሚስቱ ኡሙልኸይር ካገባችው ብዙ ዓመት ቢሆናትም ልጅ አልወለደችም። ከአጥሩ ቆርቆሮዎች የአንዱ ምስማር ስለወለቀ፣ ሁለቱ ሴቶች እንደ መዝጊያ ገፋ እያደረጉት ይገናኙ ነበር።

«አሰጉ፣ ሻዬን እየጠጣሽ ሥጋዬን የምትሸሺው ምን ሆኖ ነው? ሁለቱም ከእኔው እጅ አይደል የሚወጡት?» ትላለች ኡሙልኸይር።

«ሥጋሽ ቢስሚላህ ተብሎበታል። ሻይሽ ገና አልሰለመም።»

«በይ እንግዲያው ሳላሰልመው ቶሎ ጠጪ!»

ይሳሳቃሉ። በውኃ ቦኖው አጠገብ ያሉት ሴቶች ግን «ሁለት ሃይማኖት በአንድ ቀዳዳ» እያሉ ያሽሟጥጧቸው ነበር።

በዚያ ዓመት በግንቦት መጨረሻ እናቴ ሴት ልጅ ወለደች። የተወለደችበት ክፍል ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር፤ እኔም ያን ሽታ የእህቴ ስም አድርጌ ያዝሁት፤ ሌላ ስም አልነበራትምና። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ ስሟንም ያኔ ታገኛለች። እስከዚያ ድረስ እናቲቱም አልነጻችም ተብሎ ስለሚታመን ከቤተ ክርስቲያን አትደርስም። አባቴ «ዲንቄ፣ ትንሽ ታገሺ፤ ስም ይዛ ትመጣለች» ይለኝ ነበር። እኔም ስሙን ከቤተ ክርስቲያን እንደ ዕቃ ተቋጥሮ የሚመጣ ነገር አድርጌ እጠብቀው ነበር።

ሐምሌ ገብርኤል ደረሰ። ሰፈሩ በሙሉ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ጭቃውን እየዘለለ ወደ ንግሡ ወረደ። አባቴ በሥራ ላይ ነበር። በመንደሩ የቀሩት ደጁን ማለፍ የማይፈቀድላቸው ብቻ ነበሩ፤ አራሷ እናቴና ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን። እኔንም ዝናብ ስለነበረ ማንም አልወሰደኝም።

እህቴ ከዋዜማው ጀምሮ ታስላለች። ጠዋት ላይ ልቅሶዋ ቀጥኖ እንደ ድመት ልጅ ድምፅ ሆነ። በምትተነፍስበት ጊዜ ከጎድኖቿ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር። እናቴ ቆርቆሮውን ገፍታ ጮኸች።

«ሙህሲን! በአላህ ይዤሃለሁ፣ ሩጥልኝ! መምሬ የሺዋስን ቶሎ ይምጡ በላቸው፤ አይዘግዩብኝ!»

እናቴ ሰውን በአላህ ስትለምን ያን ዕለት ገና መስማቴ ነበር። ይህንንም ልብ ብዬ ያዝሁት።

ጋሼ ሙህሲን ሱቁን ሳይዘጋ ሮጠ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲደርስ ምን እንደገጠመው ያወቅሁት በጎልማሳነቴ፣ ከራሱ አፍ ነው። ታቦቱ ወጥቶ ነበር። ሙስሊም ነውና ቅጥሩን አላለፈም፤ በደጁ የቆሙትን ሰዎች «አንድ ካህን ጥሩልኝ፣ ሕፃን እየሞተች ነው» ብሎ ለመናቸው። አንዱ «ታቦት ቆሞ ካህን አይጠራም» አለው። ሌላው «ምነው ሙህሲን፣ ዛሬስ ንግሥ ልታከብር መጣህ እንዴ?» ብሎ ሳቀበት። ታቦቱ እስኪገባ ድረስ በዝናቡ ውስጥ ቆሞ ጠበቀ። አፉ ላይ የመጣውን ስድብ እየዋጠ እንደቆመ ሲነግረኝ፣ ሽበታም ሰው ሆኖ እንኳ ጥርሱን ይነክስ ነበር።

እቤታችን ውስጥ የሆነውን ግን በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ። እናቴ «ወደ ማድቤት ሂጂ» ብላኝ ነበር። አልሄድሁም፤ ከመጋረጃው ኋላ ተሸሸግሁ። ዝናቡ የጣሪያውን ቆርቆሮ ስለሚደበድበው የሰው ድምፅ አይሰማም ነበር። እናቴና ኡሙልኸይር ፊት ለፊት ቆመዋል። እናቴ አንድ ነገር ትለምናለች፤ ኡሙልኸይር ራሷን ትነቀንቃለች፤ ሁለት እጇን ወደ ኋላ ትሸሽጋለች። እናቴ ከእግሯ ላይ ወደቀች። ያን ጊዜ ኡሙልኸይር ቆርቆሮውን ገፍታ ወጥታ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ተመለሰች።

ያቺን ማንቆርቆሪያ አውቃታለሁ። እትዬ ኡሙልኸይር ከመስገዷ በፊት በደጃፏ ቁጭ ብላ የምትታጠብባት ናት። በቤታችን ወለል ላይም እንደዚያው አደረገች። እጅጌዋን ሰብስባ እጇን እስከ ክርኗ፣ ፊቷን፣ በመጨረሻም እግሯን ታጠበች። እናቴ በዚህ መካከል ማተቧን ከአንገቷ ፈታች። በጥርሷ ስትበጥሰው አየሁ። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ኡሙልኸይር ውኃውን ከእህቴ ራስ ላይ አፈሰሰች፤ ደግማ አፈሰሰች፤ ሠለሰች። እናቴ ወደ ሕፃኗ ጎንበስ ብላ ታለቅሳለች። ኡሙልኸይርም ታለቅሳለች፤ እንባዋና ውኃው አብረው ይወርዱ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ የእህቴ ልቅሶ ቆመ። ታጥባ ተሻላት ብዬ ከመጋረጃው ኋላ ደስ አለኝ።

መምሬ የሺዋስ ቀትር ካለፈ በኋላ ጥላቸውን ዘርግተው፣ ከጋሼ ሙህሲን ጋር መጡ። በማግስቱ ቀዳሽ ስለነበሩ ወደ አራስ ቤት አልገቡም፤ ከደፉ ላይ ቆሙ።

«ሕፃኗስ?»

«አረፈች፣ አባ» አለች ኡሙልኸይር።

መምሬ የሺዋስ መስቀላቸውን ጨበጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። «ክርስትና ሳትነሣ?» ሲሉ ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር።

እናቴ ወደ ኡሙልኸይር አየች። የኡሙልኸይር ከንፈር ተንቀሳቀሰ። «መምሬ፣ እኔ...» ስትል እናቴ አቋረጠቻት።

«አዎን፣ አባቴ። ሳትነሣ።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ። ቅጥር ውስጥ ግን አይሆንልኝም። ሥርዓቱን እኔ አልሠራሁትም። ከአጥሩ ውጭ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር...»

«እዚያ ጅብ አያስቀምጣትም፣ መምሬ» አለ ጋሼ ሙህሲን፤ ውኃ ከልብሱ ይንጠባጠባል። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሰጋሽ፣ የእኔ ግቢ አጥር አለው።»

እኔም ደመርሁ። ክርስቲያን አልሆነችም ተባለ፤ በኡሙልኸይር ማንቆርቆሪያ ታጥባለች፤ ወደ ኡሙልኸይር ግቢ ትሄዳለች። በማግስቱ አባቴ ከጉዞ ተመለሰ። ከጋሼ ሙህሲን ጋር አካፋ ይዘው ከአጥሩ ማዶ ሲቆፍሩ ሰማሁ፤ ለእህቴ ቤት የሚሠሩላት መሰለኝ። እናቴ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር በቀዳዳው አሳልፋ ለኡሙልኸይር ስታቀብላት በመስኮቱ አየሁ። ኡሙልኸይር ሕፃን እንደሚታቀፍ አድርጋ ታቀፈችው። ልጅ ስለሌላት እናቴ አንዷን የሰጠቻት መሰለኝ፤ ለምን እኔን እንዳልሰጠች ግን እያሰብሁ ከረምሁ።

ክረምቱን በሙሉ ጠዋት ጠዋት ከቆርቆሮው ሥር እቀመጥ ነበር።

«እትዬ ኡሙልኸይር፣ እህቴ ነቃች?»

እሷ የያዘችውን ሁሉ ታስቀምጣለች። ፊቷን በሻሿ ጫፍ ትጠርጋለች። «አልነቃችም፣ ዲንቄ። ቀስ ብለሽ ተናገሪ።»

«ምን ትበላለች?»

«አላህ ያበላታል።»

«አሁን ሙስሊም ነች?»

ይህን ስጠይቃት ወደ ቀዳዳው ተጠጋች። ከዚያ በቀዳዳው እጇን አሾልካ ራሴን ዳበሰችኝ። «የእናትሽ ልጅ ናት» አለችኝ።

እናቴን አንድ ጊዜ «መቼ ትመልስልናለች?» ብያት ነበር። አፌን በመዳፏ ከደነችው። መዳፏ ይሞቅ ነበር፤ ለረጅም ጊዜም ከአፌ ላይ አላነሣችውም።

በኡሙልኸይር ግቢ ከአጥሩ አጠገብ ጤና አዳም በቀለ። ሰፈሩ ለቡናው የሚሆን ቅጠል ሲፈልግ የሚመጣው እሷ ዘንድ ነበር። የለመናትን አትከለክልም፤ ነገር ግን ማንንም ከተክሉ አታስጠጋም። «ቆይ፣ እኔው ልቁረጥልሽ» ትላለች። ጫማዋን አውልቃ ገብታ ትቀጥፋለች። ሴቶቹ «ለቅጠል ይህን ያህል ንፍገት!» ይሉ ነበር። እኔም እንደ እነሱ አስብ ነበር።

ሰማንያው ቀን ሞላ። እናቴ ከወለደች ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አባቴና እኔ አብረናት ነበርን። ከደጁ ስትደርስ ቆመች። በስተቀኝ በኩል በሰው ትከሻ የለሰለሰ ድንጋይ አለ፤ ወደዚያ ተጠጋች።

«ነይ እንጂ፤ ነጽተሻል» አላት አባቴ።

«እዚህ ይበቃኛል።»

«አሰጋሽ፣ ሰው ያየናል።»

«ይየን።»

በዕድሜዋ ሙሉ ያን ደጅ አላለፈችም። ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ ከድንጋዩ አጠገብ ቆማ ታስቀድሳለች። ቆርባ አታውቅም። ካህናቱ ተለዋወጡ፤ ባቡሩ መጀመሪያ አረጀ፣ ከዚያ ቆመ፤ የጭነት መኪናና የባጃጅ ጩኸት ቅዳሴውን የሚውጥበት ዘመን መጣ። እሷ እዚያው ነበረች። ምእመናኑ ትሕትና ነው ብለው አከበሯት፤ አንዳንዶች እንዲያውም በአጠገቧ ሲያልፉ ጉልበቷን ይሳለሙ ነበር። አባቴ ቅጣት ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን ሳይጠይቃት ሞተ። እኔ ደግሞ፣ እህቴ በጤና አዳሙ ሥር መቀበሯን ካወቅሁ ከብዙ ዘመን በኋላ እንኳ፣ የማተቡን መበጠስ አልረሳሁም። በልቤ ውስጥ እናቴ በዚያች ዕለት ሃይማኖቷን ለአንዲት ማንቆርቆሪያ ውኃ የለወጠች ሴት ነበረች።

አድጌ አስተማሪ ሆንሁ። እስከ ጡረታዬ ድረስ ለልጆች ያስተማርሁት ግብረ ገብ ነው። ሥርዓትን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ ሥርዓት የሌለው ፍቅር ግድብ እንደሌለው ወንዝ ነው ብዬ ያስተማርሁት በሙሉ ልቤ ነበር። ዓይኗ ሲደክም ለእናቴ መጽሐፍ ቅዱስ የማነብላት እኔ ነበርሁ። ምን ላንብብልሽ ስላት ሁልጊዜ የምትለኝ አንድ ነው። «አጋርን።» ባሪያይቱ አጋር ከቤት ተባርራ፣ ውኃዋ አልቆ፣ ልጇ ሲሞት ላለማየት ከቁጥቋጦ ሥር ጥላው ርቃ የተቀመጠችበትን ታሪክ ማለቷ ነው። እግዚአብሔር የሕፃኑን ድምፅ ሰማ ከሚለው ስደርስ «ደግመሽ አንቢው» ትለኛለች። እኔ የትርጓሜ ትምህርቴን አስታውሼ አጋር የማን ምሳሌ እንደሆነች ላብራራላት እጀምራለሁ። «ተይው፣ ዲንቄ» ትላለች። «ንባቡ ይበቃኛል።»

ባለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ እናቴ ዐረፈች። አስከሬኗ ከመውጣቱ በፊት ጠዋት፣ ድንኳኑ ውስጥ ሴቶች እያለቀሱ ሳለ፣ ኡሙልኸይር በወንድሟ የልጅ ልጅ በሀይረዲን ተደግፋ ገባች። ሙህሲን ከሞተ ቆይቷል። ወገቧ ጎብጦ ነበር፤ ዓይኗ ግን ጥርት ያለ ነው። እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ።

«ዲንቄ፣ እናትሽ አስምላኝ ነበር። አሁን ከመሐላው ነጻ ነኝ፤ የማልሁላት ሄዳለች። ያን ቀን ከመጋረጃው ኋላ እንደነበርሽ አውቃለሁ። እግርሽ ይታየኝ ነበር።»

ወደ እሷ ጠጋ አልሁ።

«ልጅቷ ልትሞት ነው። ካህኑ አልመጣም። እናትሽ ‹አጥምቂልኝ› አለችኝ። ‹አብደሻል? አንቺው አጥምቂያት!› አልኋት። ‹እጄ አልነጻም፤ ሰማንያዬ አልሞላም፤ በእኔ እጅ አይሆንላትም› አለች። ‹እኔ እኮ ሙስሊም ነኝ!› ብላት ‹ቃሉን እኔ እለዋለሁ፣ አንቺ ውኃውን ብቻ አፍስሽ› ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። ምን ላድርግ? ያ ረቢ፣ ይህ በዲኔ ሐራም ይሁን ሐላል የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። ሃጀርን፣ እናንተ አጋር የምትሏትን አሰብኋት፤ ልጇን አስቀምጣ ውኃ ፍለጋ ወዲያና ወዲህ የሮጠችውን። ለሃጀር ውኃ የሚከለክል የለም አልሁ። የምነካው የእናንተ ቅዱስ ነገር ነውና እጄ ንጹሕ ይሁን ብዬ ታጠብሁ። ከዚያ አፈሰስሁ።»

«ማተቧን በጠሰችው» አልሁ። ከአፌ የወጣው ይህ ብቻ ነበር።

«ለልጅቷ አንገት ነዋ! ገምሳ አሰረችላት። ‹ወለተ ገብርኤል› አለቻት፤ በገብርኤል ቀን ነው ብላ። ስታስርላት ገና ትተነፍስ ነበር።»

የእናቴ ማተብ ከዚያ በኋላ አጭር ሆኖ ጉሮሮዋ ላይ እንደሚጠብቅ አስታወስሁ። ሁልጊዜ አየው ነበር።

«ለምን ለመምሬ አልነገረቻቸውም?» አልኋት። «ተጠምቃለች ብትላቸው ምናልባት...»

«‹ማን አጠመቃት?› አይሏትም?» ኡሙልኸይር እጄን ጨበጠችው። «ያኔ የሙህሲን ዘመዶች ‹ይህችን መካን ፍታና ሌላ አግባ› እያሉ ይወተውቱት ነበር። በክርስቲያን ጥምቀት እጇን አስገባች የሚል ወሬ ቢጨመርበት ማን ያቆየኝ ነበር? እኔ ልናገር ነበር፤ ወላሂ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። እናትሽ ነች የዘጋችብኝ። ‹ልጄስ ሄዳለች፤ አንቺ ቤትሽ ውስጥ ቅሪ› አለችኝ። የልጇን መቃብር ሰጥታ የእኔን ቤት ገዛች። አንድ ቀን ‹ለምን አትገቢም?› ብላት ‹ልጄን ከቀረችበት አልፌ እንዴት እገባለሁ› አለችኝ።»

በጓዳው ውስጥ ቆሜ፣ አንድ የአገራችን ሰው በጥንት ዘመን በመንገድ ዳር ውኃ አይቶ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው ብሎ የጠየቀውን አሰብሁ። ያን ቃል ስንት ጊዜ ለተማሪዎቼ አስተምሬዋለሁ። የሚከለክለው ብዙ ነገር ነበር፤ ሰማንያ ቀን፣ ታቦቱ ሳይገባ የማይጠራው ካህን፣ በደጁ ቆመው የሚሳለቁት፣ የሙህሲን ዘመዶች ምላስ። ይህ ሁሉ ተሰልፎ ቆሞ፣ አንዲት ሙስሊም ሴት እጇን ታጥባ አለፈችው።

ከቀትር በፊት እናቴን ይዘን ወጣን። ዕድሜዋን ሙሉ ያላለፈችውን ደጅ በሰዎች ትከሻ ሆና አለፈች። እኔም ተከትዬ ስገባ በድንጋዩ አጠገብ ቀና ብዬ አላየሁም፤ አቃተኝ። ቀሲስ ብሩህ፣ ወጣቱ የደብሩ ካህን፣ ፍትሐቱን አድርሰው አፈር ሊመለስ ሲል ከደጁ ድምፅ ተሰማ።

«አንድ ጊዜ! አንድ ጊዜ አባ!»

ኡሙልኸይር ነበረች። ከደጁ ውጭ ቆማ፣ በሻሿ ጫፍ የቋጠረችውን ከፍ አድርጋ ይዛለች። ሄጄ ተቀበልኋት። ከነሥሩ የተነቀለ ጤና አዳምና እርጥብ አፈር ነው። ይዤው ተመለስሁ።

«ይህ የምን አፈር ነው፣ መምህርት?» አሉኝ ቀሲስ ብሩህ።

«የልጇ ነው። በሕፃንነቷ የሞተች እህቴ ናት።»

«የት ነበር ያረፈችው?»

«ከአጥሩ ውጭ።»

ገባቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «አልተጠመቀችም ማለት ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

ልመልስ አፌን ስከፍት ከደጁ በኩል ያ ያረጀ ድምፅ ቀደመኝ። ሀይረዲን ክንዷን ይዞ «አያቴ፣ ተይ» ይላታል፤ ለቀስተኛው ሁሉ ዞሯል፤ ከሰፈሩ ሙስሊሞችም ሊሸኙ የመጡ ብዙዎች አጠገቧ ቆመዋል።

«ተጠምቃለች!» አለች። «እኔ ነኝ ያጠመቅኋት። በእናቷ አፍና በእኔ እጅ። ወላሂ፣ ውሸቴን ከሆነ አላህ ይፍረድብኝ!»

በዋናው መንገድ የጭነት መኪና ሲያልፍ መሬቱ ራደ። ቀሲስ ብሩህ የያዙትን መጽሐፍ ዘግተው ለረጅም ጊዜ ወደ ደጁ ተመለከቱ። ምን እንደሚሉ በውስጣቸው የሚሟገቱ መሰለኝ፤ የተማሩትን አውቀዋለሁና። በመጨረሻ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቁ።

«ስሟ ማን ነበር፣ እናቴ?»

«ወለተ ገብርኤል» አለች ኡሙልኸይር። ስሙን ሳትደናቀፍ አለችው፤ ብዙ ጊዜ ለብቻዋ ብላው እንደምታውቅ ታወቀኝ።

ቀሲስ ብሩህ መጽሐፉን እንደገና ገለጡ። አፈሩን ከእናቴ ሣጥን ላይ በገዛ እጃቸው በተኑት። ከእናቴ ስም ቀጥለው የእህቴን ስም ጠሩ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በደጅ ቆማ ጆሮዋን ጥላ የጠበቀችው ስም በቅጥሩ ውስጥ ተጠራ። እሷ ግን አትሰማም። ከሣጥኗ ክዳን ላይ እርጥቡ አፈር ሲያርፍ የሰማሁት ድምፅ ዛሬም ሌሊት ሌሊት ይመጣብኛል።

ሕዝቡ መበተን ሲጀምር ወደ ደጁ ሄድሁ። ኡሙልኸይር በለሰለሰው ድንጋይ ላይ ትከሻዋን አስደግፋ ነበር።

«ይግቡ፣ እትዬ ኡሙልኸይር» አልኋት። «መቃብሩን ይዩት። አሁን የሚከለክልዎት የለም።»

ራሷን ነቀነቀች።

«ተይኝ፣ ልጄ። አሰጉ ገብታለች፤ ልጅቷም ገብታለች። ይህ ቦታ በአንድ ጊዜ ባዶ ከሚሆን፣ እኔ ትንሽ ልቁምበት።»